አባዬ ግግር በረዶ ያየበት ሳምንት

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ፣ ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ ላይ አንድ ወጣት ከቁመቱ የሚረዝም ቦርሳ ተሸክሞ ባቡሩ ውስጥ ገባና አጠገቤ ተለጥፎ ቆመ፣ በሩ ሲዘጋም የቀለጠ ሰም ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የቤተ ክርስቲያን ጧፍ እንዳይመስላችሁ። የጧፍ ሽታ ይለሰልሳል፤ ይሄኛው ጋዝ ጋዝ ይላል፣ የተሞረደ ብረት አለበት፣ ጉሮሮ ላይም ይቀመጣል። አባዬ ከሥራ ሲገባ ኮቱም፣ ፀጉሩም፣ የሚበላበት እጁም ሳይቀር እንዲህ ይሸት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው እንባው ይመጣ ነበር ይሆናል። እኔ ግን ዋረን ስትሪት ላይ ወረድኩ፣ ቢሮ ገባሁ፣ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስም አንድ ኢሜይል ሳልመልስ ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ። ዘመዶቼ ደረቅ ነሽ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

አባዬ አዲስ አበባ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ታዛቢ ሆኖ ጣቢያ ላይ ስለተቀመጠና ከዚያም በኋላ አፉ ስላላረፈ፣ ስሙ እየተጠራ መሆኑን ሲሰማ አገር ጥሎ ወጣ። እሱን ሲያጡት ታናሽ ወንድሙን፣ አጎቴን ሙሉጌታን ወስደው አራት ወር አቆዩት፣ ሲለቁትም ኩላሊቱ እንደ ድሮው አልሆነም። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አውርቶኝ አያውቅም፤ በር ተደግፌ፣ እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ ሰብስቤ የገጣጠምኩት ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ እኔና እማዬ በፋሚሊ ሪዩኒየን፣ በቤተሰብ መቀላቀያ ፈቃድ፣ ስንመጣ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባዬ ኬኒንግተን ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ፍላት ይዞ ጠበቀን፣ ሥራውም ፓርክ ሮያል ካለ አንድ መጋዘን ውስጥ ስኪ መጠገን ነበር፤ ፈረንጆች በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ከእግራቸው ሥር የሚያስሩትን ያንን ረጅም ሳንቃ። አባዬ በሕይወቱ ተራራ ላይ የተኛ በረዶ አይቶ አያውቅም።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የአባዬ ሥራ ይደራ ነበር። መጋዘኑ ስኪ ለትምህርት ቤቶችና ለክለቦች ያከራያል፣ ባለቤቱም ፒተር የሚባል፣ ሲያዝንም ሲደሰትም ፊቱ የማይለወጥ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ነበር። እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮ ስለምታጸዳ አባዬ እኔን ይዞኝ ይሄድ ነበር፤ ከኤለፋንት ጣቢያ በቤከርሉ ላይን ባቡር ሃርልስደን ድረስ፣ ከዚያ ፋብሪካ ስላለበት ብስኩት ብስኩት የሚሸተውን መንገድ ይዘን በእግር። ሣጥን ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን ስሠራ፣ እሱ ስኪውን በጀርባው ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ያስራል፣ የብረት ጠርዙን በሞረድ ይስላል፣ ሰሙን ካውያ ላይ እያስነካ ያንጠባጥብበትና ሸሚዝ የሚተኩስ ይመስል ከጫፍ እስከ ጫፍ ይተኩሰዋል፣ ሲቀዘቅዝም መልሶ ይፍቀዋል። ማሞቂያ የሚባል ነገር አልነበረም። ስንመለስ ጣቶቻችን አይሰሙንም ነበር፣ ባቡር ውስጥም አባዬ እጄን በሁለት እጁ መሐል አድርጎ እያሸ «የመምህር ልጅ በበረዶ ጫማ ትቀዝቅዝ! አይ ጉድ!» እያለ ይስቅ ነበር።

ግድግዳው ላይ ፒተር የድሮ ስኪዎችን በዕድሜያቸው ተራ ሰቅሏቸው ስለነበር፣ አባዬ ክፍል ውስጥ ያለ ይመስል በሞረዱ እየጠቆመ ያስተምረኝ ነበር። የመጀመሪያው የፒተር አባት የነበረ ድፍን እንጨት ነው፤ ጫማው በጠፍርና በሽቦ ይታሰርበታል፣ ሰው ሲወድቅ ስለማይለቀው ቁርጭምጭሚት ይሰብራል። ቀጥለው ያሉት ወገብ የላቸውም፣ ቀጥ ብለው እንደ መሰላል ረዝመዋል፤ ፒተር ወጣት ሳለ ስኪ የሚመረጠው እጅ ወደ ላይ ተዘርግቶ አንጓ ላይ ሲደርስ ነበር አሉ። ከዚያ ዳርና ዳራቸው ሰፍቶ ወገባቸው የቀጠነ መጡ፣ ቁመታቸውም አገጭ ላይ ቀረ፣ እንደ ልብ መታጠፍ ስለተቻለም ድሮ ዓመታት ይፈጅ የነበረውን ልጆች በሳምንት ይማሩት ጀመር። አባዬ ሥራ ከገባ ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ እየሰፉ፣ አፍንጫቸውም እንደ ታንኳ ወደ ላይ እየተቀለበሰ መጣ፣ የሱፍ ቆቡን ትተው ሁሉም ሄልሜት ደፉ። «አየሽ፣ ሰው ተራራውን መለወጥ ሲያቅተው ጫማውን ይለውጣል» ይለኝ ነበር። ፒተር ግን አዲሶቹን አይወድም። ሰነፍ ስኪ ይላቸው ነበር።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባዬ ለአጎቴ ለሙሉጌታ ይደውል ነበር። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፣ አጎቴም ገና ሰላምታው ሳያልቅ «እህስ መምህር፣ ዛሬስ ምን ያላየኸውን አስተማርክ?» ብሎ ይጀምረው ነበር። ነገሩ የቆየ ነው። አባዬ አዲስ አበባ እያለ ስለ ግግር በረዶ በየዓመቱ ያስተምር ነበር፤ እንዴት እንደሚሳብ፣ ተራራ እንዴት እንደሚፍቅ፣ ሸለቆ እንዴት እንደሚቆፍር፣ ሁሉንም ከመጽሐፍ። አጎቴ ሙሌ በልጅነቱ እሱ ክፍል ውስጥ ተምሮ ስለነበር «አንድ ቀን እጄን አውጥቼ፣ መምህር አይተውታል ወይ ብዬ ብጠይቀው ከክፍል አስወጣኝ» እያለ ሃያ ዓመት ሙሉ አወራበት። አባዬም «ሰው እንዴት ወንድሙን ያጋልጣል!» እያለ እሱም ሃያ ዓመት ሙሉ ሳቀበት። ሁለቱ ስለዚያ አራት ወር ሲያወሩ አንድም ቀን አልሰማሁም። የሚያወሩት ስለ በረዶ ነበር።

ክረምቱ አልፎ ጸደይ ሲመጣ ስኪዎቹ ከየተራራው ይመለሱ ነበር፣ አባዬም ገልብጦ እያገላበጠ ከሥር ከሥራቸው ያነብባቸው ነበር። ማንበብ ስል ማንበብ ነው። ጭረቱን በጥፍሩ ተከትሎ «ይሄ ሹል ድንጋይ ነው፣ ይሄ ጠጠር ነው፣ ይሄኛው ደግሞ ሣር ላይ ሄዷል፣ እይው አረንጓዴውን» ይለኛል። መጀመሪያ ዓመት ጭረቱ ጥቂት ነበር፣ በሁለተኛው በዛ፣ በሦስተኛው ፕላስቲኩ ተቦድሶ እንጨቱ የታየ መጣ። ፒተር ተማሪዎቹ ስለማይጠነቀቁ ነው ብሎ ሲበሳጭ፣ አባዬ በዚያ ቀስ ባለ እንግሊዝኛው «ልጆቹ አይደሉም፣ በረዶው ሳስቷል» አለው። ጠርዙም ቶሎ ይደንዝ ነበር፤ በረዶ የሚተፋ ማሽን የሚያወጣው ከሰማይ ከሚወርደው ስለሚጠጥር ነው አለ። ፒተር መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ ብሎ ስኪውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። እኔ አባዬ የሚያጋንን መስሎኝ አፍሬ ነበር።

በጋ ላይ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ አንድ ቀን ፒተር ሦስታችንንም ይዞን ለንደን ዳርቻ ወዳለ የፕላስቲክ ኮረብታ ሄደ። አትሳቁ፣ እውነት ነው፤ ኮረብታውን እንደ ልብስ ብሩሽ በቆመ ነጭ ፕላስቲክ አልብሰውት፣ ውሃ እየረጩበት፣ ሰው በሐምሌ ፀሐይ ስኪ ይነዳበታል። እማዬ መስቀሏን ይዛ አጥር ሥር ቀረች። አባዬ ጫማው ተቆልፎለት ሁለት እርምጃ ሄደና ወደ ኋላ ይንሸራተት ጀመር፣ «ኧረ በስመአብ! ያዙኝ!» እያለም በጀርባው ወርዶ እማዬ እግር ሥር ቆመ። እኔ አውራ ጣቴን ብሩሹ ልጦኝ ደማሁ። በሚቀጥለው እሑድ ሙሌ ይህን ሲሰማ ስልኩ እስኪንጫጫ ድረስ ሳቀ፣ ከዚያም «ታዲያ ይሄ በረዶ ነው ምንጣፍ?» አለው። 

አሥራ ሁለት ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ መጋቢት ላይ፣ ፒተር የወቅቱን መጨረሻ ዕቃ ሊሰበስብ በቫን ወደ ፈረንሳይ ተራሮች ሲሄድ አባዬን አብሮት እንዲሄድ ጠየቀው። «ከታች ያነበብከውን ከላይ እየው» ነበር ያለው። አባዬ የስደተኛ ሰማያዊ ትራቭል ዶኩመንቱን ይዞ ቪዛ አፕላይ አደረገ፣ ሲመጣለትም ወረቀቱን አልጋው ላይ ዘርግቶ እንደ ልጅ ይመለከተው ነበር። ለሙሌ ገና አልነገረውም። «ቆሜበት ነው የምደውልለት» አለ። ቅዳሜ ጠዋት፣ እማዬ የጾም ስንቅ ጠቅልላለት፣ ኮት ላይ ኮት ደርቦ ሄደ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወጥ ቤታችን ውስጥ ጋሽ ተፈራ ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ተፈራ የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው፣ አውቶቡስ ይነዱ ነበር፣ የሥራ ልብሳቸውንም አላወለቁም። እማዬ መሬት ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃለች። ከአዲስ አበባ ዘመዶቻችን የደወሉት ለእኛ ሳይሆን ለእሳቸው ነበር፤ የሞት ዜና ወደ ባለቤቱ ቤት አይደወልም። «ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ። «አጎትሽ ሙሉጌታ ዐርፏል። ኩላሊቱ ነው። ዛሬ ቀበሩት።»

አላለቀስኩም። ቦርሳዬን ከትከሻዬ አወረድኩ፣ ቁጭ በይ ስላሉኝም ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ትልልቆቹ ተነጋገሩ። እማዬ «እንዴት አድርገን ነው የምንነግረው?» ስትል፣ ጋሽ ተፈራ እጃቸውን አነሡ። «መርዶ በስልክ አይነገርም። እዚያ ብቻውን፣ ከአንድ ፈረንጅ ጋር፣ ተራራ ላይ ቆሞ ብንነግረው ማን ይይዘዋል? ማን አብሮት ያለቅሳል? ቅዳሜ ይግባ። ይብላ፣ ይተኛ። እሑድ በጠዋት ሰው ሰብስቤ እመጣለሁ።» ትክክል ነበሩ። ዛሬም ቢሆን አልከስሳቸውም፤ አባዬ ራሱ ስንቱ ሰው ቤት በጠዋት ሄዶ በር ቆርቁሯል። «እስከዚያ ሆድ ይፍጀው» አሉ። ችግሩ ስልኩ ነበር፤ አባዬ ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይደውላል። እማዬ «እኔ ድምፄ ያሳብቅብኛል» አለች፣ ሁለቱም ዞረው ወደ እኔ አዩ። «እሷ ትችላለች» አለች እማዬ፣ «ደረቅ ናት።» አለማልቀሴን እንደ ጉብዝና ቆጠሩልኝ፣ እኔም ጉብዝና መሰለኝ።

የዚያን ዕለት ሲደውል ስለ በረዶው ብቻ አወራ። ጥጥ እንደሚመስል ነበር ያስተማረው፣ ለካ ሲረግጡት እንደ ስኳር ይንኮሻኮሻል። ሁሉም ነገር ውስጥ አይብ ስላለ ዳቦ በማርማላታ እየበላ እንደሆነ ነገረኝ። «እማዬስ?» ሲል «ሱቅ ሄዳለች» አልኩት። እማዬ አጠገቤ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

ማክሰኞ ግግር በረዶውን አየ።  ከባቡር ጣቢያዋ ወደ በረዶው መውረጃ ደረጃ ሠርተዋል፣ ገደሉ ላይም በየቦታው የዓመት ቁጥር ተለጥፏል፤ በዚያ ዓመት በረዶው እዚህ ድረስ ነበር ለማለት ነው። «እኔ የተወለድኩበት ዓመት ላይ ቆሜ ወደ ታች ባይ፣ በረዶው ገደል ውስጥ ነው። ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ ያንቺ ዓመት ላይ ስደርስ አሁንም ሩቅ ነው። በረዶው ሲያፈገፍግ ደረጃ እየጨመሩለት ነው አሉኝ። ከሥር ስኪው የነገረኝ በሙሉ እውነት ነበር!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሙሌ ግን ስልክ አያነሣም» አለኝ። «ኔትዎርክ ይሆናላ» አልኩት። ረቡዕም አላነሣለትም። «እስቲ አንቺ ከቤት ሞክሪልኝ፣ አባዬ ቆመበት በይልኝ» አለኝ። እሺ አልኩት።

ሐሙስ ገና ስልኩን ሳነሣ «አገኘሽው?» አለኝ።

«አገኘሁት።»

«ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ሳቀ» አልኩት። ዝም ብሎ ሲጠብቀኝ ጊዜ፣ «‹አሁን ገና መምህር ሆንክ› በይው አለኝ» ብዬ ጨመርኩበት።

አባዬ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፣ ስልኩን ከጆሮው አርቆም ለፒተር በእንግሊዝኛ ሲነግረው ሰማሁት፣ ወንድሜ እንዲህ አለ እያለ፣ ደግሞ እንደገና። እማዬ ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ለቀቀችው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ላጽናናው ብዬ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን ጥያቄው እንዲያበቃ ፈልጌ ነው፤ ደከመኝ። ዋሽቼው አርብ ቀለለኝ፣ ስለ ሙሌ አልጠየቀኝማ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገባ። ፊቱ በፀሐይ ከስሎ፣ ዓይኑ ዙሪያ ብቻ የፀሐይ መነጽሩ ቅርጽ ቀርቶ፣ ጉጉት መስሎ ነበር የመጣው። እማዬ ምስር ወጥ አቀረበች፣ ዓይኗ ስለቀላም ጉንፋን ነው አለችው። እየበላ ሹካውን ስኪ፣ እንጀራውን ተራራ እያደረገ ያሳየን ነበር። ሲጨርስ ስልኩን አነሣ። እማዬ «ደክሞሃል፣ ነገ እሑድ አይደል እንዴ?» ስትለው «እውነትሽን ነው፣ እሑዳችንን አልቅደም» ብሎ አስቀመጠው። ተኛ። ሲያንኮራፋ ሰማሁት። እንዲህ ተኝቶ የማውቀው የዚያን ቀን ብቻ ነው።

እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተቆረቆረ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ሃያ የሚሆኑ ሰዎች አራት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው፣ ወንዶቹ ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር ቆመዋል። የከፈተው አባዬ ራሱ ነው። ሐበሻ በጠዋት እንዲህ ያለ ሰው በሩ ላይ ሲያይ ምን ፈልጋችሁ ነው ብሎ አይጠይቅም። ጋሽ ተፈራን አየና «ማን ነው?» አለ።

«ሙሉጌታ ነው። ነፍሱን ይማረው።»

«መቼ?»

«ሰኞ ተቀበረ።»

ሴቶቹ እሪ አሉ። ከታች ያለችው እንግሊዛዊት ጎረቤታችን እሳት የተነሣ መስሏት በፒጃማዋ ወጣች። አባዬን ይዘው ሶፋው ላይ አስቀመጡት፣ «አውጣው፣ አልቅስ» ይሉታል፣ እሱ ግን አላለቀሰም፤ በሰዎቹ እግር መሐል አንገቱን አስግጎ ይፈልግ ነበር። የሚፈልገው እኔን ነበር። ከመኝታ ቤቱ በር ሥር አገኘኝ።

«ሐሙስ ዕለት አናግሬዋለሁ አላልሽኝም?»

 እማዬ «ልጅቷን ተዋት፣ እኛ ነን» አለች።

«አላናገርኩትም» አልኩ።

«ያለውስ? ሳቁስ?»

«እኔ ነኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እሺ» አለ።  ያን ጊዜ የሆነ ነገር ሊሰማኝ ይገባ ነበር፣ ግን እንደ ፓርክ ሮያል ጣቶቼ ነበርኩ፤ ቢወጉኝ አላውቅም።

ሦስት ቀን ተቀመጠ፣ አገር ቤት መሄድ ስለማይችል ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ለቅሶውን ተቀበለ፣ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ከዚያ በፊት የካውንስሉን ደብዳቤ፣ የሐኪሙን ቀጠሮ፣ የትምህርት ቤቱን ወረቀት አንብቤ የማስረዳው እኔ ነበርኩ፤ ፖስታው እንደመጣ «ምን ይላል?» ብሎ ይሰጠኝ ነበር። ከዚያ እሑድ ወዲህ አልሰጠኝም። መዝገበ ቃላት ገዝቶ፣ መነጽር አድርጎ፣ ቃል በቃል ይታገለው ጀመር፤ አንዴ ቀኑን ተሳስቶ የሆስፒታል ቀጠሮ አመለጠው፣ እንዲያም ሆኖ አልጠየቀኝም። ከዘመድ ጋር በስልክ አውርቼ ስነግረው «እሺ» ይልና፣ ክፍሉ ገብቶ ራሱ መልሶ ይደውል ነበር። የሚቀጥለው መከር ሲመጣ «አሁን አድገሻል፣ ቅዳሜ ቤት ዋዪ» አለኝ። ፓርክ ሮያልን ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። አባት ነበረኝ፤ ምግቤን፣ ልብሴን፣ የዩኒቨርሲቲ መመረቂያዬን አላጓደለብኝም። ቃሌን ብቻ ነው የማይቀበለኝ የነበረው። ወይ ነዶ! አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር እኮ።

ዓመታቱ እንደዚያው ሄዱ። ፒተር እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጋዘኑን ዘጋው፣ አባዬም እዚያው ሰፈር ሳንድዊች የሚታሸግበት ፋብሪካ ገብቶ ጡረታ እስኪወጣ ሠራ። አሁን ስኪው በስልክ ይታዘዛል፣ ጫማው በባትሪ ይሞቃል፣ የፕላስቲኩም ኮረብታ በብዛት ተትቶ ሰው ግዙፍ ፍሪጅ በሚመስል አዳራሽ ውስጥ ይንሸራተታል። እውነተኛው ተራራ ላይ ደግሞ በአረንጓዴ ሣር መሐል አንዲት ነጭ መንገድ በማሽን አንጥፈው በእሷ ላይ ይሰለፋሉ አሉ። አባዬ ይህን በቴሌቪዥን ሲያይ ድምፁን ይዘጋዋል።

ያ ሰም ሰም የሚሸት ወጣት ባቡር ውስጥ ከገባ በኋላ ባለው እሑድ ለአባዬ ደወልኩና «እንሂድ?» አልኩት። የት ብሎ አልጠየቀም። ሰኔ ላይ ወደዚያ ግግር በረዶ ሄድን። ፓስፖርቱ አሁን የእንግሊዝ ነው፣ ቪዛ አልፈለገም። እሱ እንዳለኝ ባቡሯ ያው ናት፣ ጣቢያውም ያው ነው፤ ደረጃው ግን ረዝሟል፣ የብረት መሰላልም ተቀጥሎበታል። አባዬ እስከተወለደበት ዓመት ድረስ የብረቱን ድጋፍ ይዞ ወረደና ቆመ። ጉልበቱ እምቢ አለ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ወደ ሸለቆው እያየ «ውረጂና እይልኝ» አለኝ።

 ከዚያ እሑድ ወዲህ ይህ ሰው እይልኝ፣ ንገሪልኝ፣ ጠይቂልኝ ብሎኝ አያውቅም።

ወረድኩ። የእኔን ዓመት አለፍኩ፣ ሙሌ የሞተበትን ዓመት አለፍኩ፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ወረድኩ። ታች ያለው ነገር በረዶ አይመስልም፤ ግራጫ ነው፣ አመድና ድንጋይ ለብሷል፣ እንዳይቀልጥ ብለውም ከፊሉን ነጭ ጨርቅ አልብሰውታል፣ ከሥሩ ውሃ ይንሿሿል። ደረጃውን ስመለስ ቆንጆ ቆንጆ ዓረፍተ ነገር እያዘጋጀሁ ነበር፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል ልለው፣ ሰማያዊ ነው ልለው። አመሌ ነው። አጠገቡ ስደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«አለ?»

«ትንሽ ቀርቷል» አልኩት። «ጠቁሯል። ሬሳ ይመስል በጨርቅ ሸፍነውታል። አንተ ያኔ የቆምክበት ቦታ ባዶ ድንጋይ ነው።»

 ከዚያ «ሌላስ ምን አየሽ?» አለኝ፣ አጠገቡ ተቀምጬም ያየሁትን አንድ በአንድ፣ ምንም ሳላሳምር ነገርኩት። ስጨርስለት እጁን ዘረጋ፣ ክንዴን ይዞ ተነሣ። ያኔ አንድ እውነት ለመናገር ሃያ ሰው አራት ፎቅ በእግሩ መውጣት ነበረበት፤ እኔም በሌለ ሳቅ ለአንድ ሳምንት እንኳ ላልሞላ ጊዜ አስደስቼው ዓመታት አጣሁት። አሁን የሚያሳዝነውን ብቻዬን፣ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፣ እሱም እስከ ባቡሯ ድረስ ክንዴን አልለቀቀም።